ጽሑፉ በነጻ፣ ወረቀቱ በገንዘብ

በደቡብ ኦሞ፣ በሰላማጎ ወረዳ፣ በሃና ከተማ የሚኖር አንድ ተማሪ በሐሳባችሁ ተመልከቱልኝ። የሒሳብ መጽሐፉ ያለው በአባቱ ስልክ ውስጥ ነው። አባት ወደ ገበያ ሲሄድ መጽሐፉም አብሮ ይሄዳል፤ ልጁም ደብተሩን ዘርግቶ ይጠብቃል። መጽሐፉ በነጻ የተሰጠ ነው፤ ነገር ግን ከልጁ እጅ አልገባም።

«ታዲያ አትሞ መሸጥ ነዋ!» የምትሉ አትጠፉም። መልካም ብላችኋል፤ ሆኖም በነጻ መገኘትና ለመሸጥ መፈቀድ አንድ አይደሉም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የማባዛትን መብት ለሥራው ባለቤት ሰጥቷል። ስለዚህ አስቀድማችሁ በመጽሐፉ መጀመሪያ ገጾች ላይ የፈቃዱን ቃል ፈልጉ። ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለው ድርጅት ካወጣቸው ፈቃዶች አንዱ የደራሲውን ስም እስከጠቀሳችሁ ድረስ አትማችሁ እንድትሸጡ ይፈቅዳል፤ ሌላው ግን ለንግድ መጠቀምን ይከለክላል። ፈቃድ ካልተጻፈበት ባለቤቱን ጠይቁ።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ የአሠራሩ ምርጫ ይመጣል። ፎቶ ኮፒ ለአንድ ክፍል ተማሪዎች ይበቃል፤ ነገር ግን ቅጂው ቢበዛም የአንዱ ገጽ ዋጋ እምብዛም አይቀንስም። ማተሚያ ቤት ግን ለፕሌቱ ዝግጅት መጀመሪያ ብዙ ያስወጣል፤ ያ ወጪ ለብዙ ቅጂ ሲከፋፈል የአንዱ መጽሐፍ ዋጋ ይረክሳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ማለት ይኸው ነው። የሃናና የጂንካ ትምህርት ቤቶች በየግላቸው ከሚያሳትሙ ትእዛዛቸውን ቢያስተባብሩ ይጠቀማሉ።

ነገሩ ሕልም አይደለም። በፈረንጆች 2012 ዓመት የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ሲያቩላ ያዘጋጃቸውን ክፍት የሒሳብና የሳይንስ መጻሕፍት አሳትሞ ለተማሪዎች አድሏል።

መሸጥ የግድ ከሆነም የወረቀቱ፣ የቀለሙ፣ የጥረዛውና የጭነቱ ሒሳብ በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሒሳቡን ያየ ወላጅ አይጠራጠርም። መክፈል ለማይችል ልጅ ደግሞ ጥቂት ቅጂ በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ።

እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣቶች፣ ትእዛዝ ማሰባሰብና ሒሳብ መያዝ የለመዳችሁት ሥራ ነው። ትምህርት ሳይከፈት፣ በክረምቱ ጀምሩት። ያን ጊዜ አባት ስልኩን ይዞ ገበያ ቢሄድም መጽሐፉ ከልጁ ጋር ይቀራል።