ሰባ ፊደል ለአንድ መለኪያ



ቀን ቀን በአንድ ባንክ መስኮት ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ የራሴን ስንኝ። ገንዘቡ ሲጎድል ከደመወዜ ይቆረጣል፤ ስንኙ ሲጎድል ግን ከእናንተ በቀር የሚጠይቀኝ የለም። ዛሬ የማወጋችሁ ሁለቱ ቆጠራዎች በአንዲት የእጅ ስልክ ላይ ስለተገናኙበት ጉዳይ ነው።

ጡረታ በሚከፈልበት ሰሞን ከመስኮቴ ፊት የሚሰለፉትን አረጋውያን ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ይገርመኛል። እኛ ወጣቶች ሳናነብ የምንሰርዘውን አጭር የጽሑፍ መልእክት እነሱ አይሰርዙትም። መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው፣ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ያነቡታል፤ ካልገባቸውም «እስቲ ልጄ፣ ምን ይላል?» ብለው ያቀብሉኛል። ለእነሱ መልእክት ማለት ዛሬም ደብዳቤ ነው፤ የጻፈው ሰው አለ፣ የተጻፈለትም ሰው አለ። ይህ እምነታቸው ለበጎ ነገር ሊውል አይችልምን? ስል የጠየቅሁት በአጎቴ ምክንያት ነው። የምተርከውም ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነው።

አጎቴ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው፤ ዕድሜያቸው 68። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ማታ ማታ አረቄ ይቀማምሱ ጀመር። አንዷ መለኪያ ሁለት፣ ሁለቷ አራት ሆነች። ባለፈው ክረምት ከደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ወድቀው የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። የደም ግፊት መድኃኒትም ይወስዳሉ። ሐኪሙ እጃቸውን አሽጎ «መጠጥ ይቀንሱ» አላቸው። ምክሩ ትክክል ነበር። ነገር ግን የተነገረው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ መለኪያዋ የምትቀርበው ደግሞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ። በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ያለውን ገደል ማን ይሻገረው?

ጉዳዩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሰው ሲያረጅ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ውኃ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በጎልማሳነቱ የለመዳት ያቺው መለኪያ በደሙ ውስጥ ከቀድሞው ይልቅ ትበረታለች። የእግር ሚዛን ይደክማል፤ አጥንትም እንደ ድሮው አይጠገንም። አልኮል ከግፊት፣ ከስኳርና ከእንቅልፍ መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ ደግሞ ጉዳቱ ሊብስ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትም በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ለጤና ፍጹም አደጋ የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። የእኛ አረቄ በዚህ ላይ የራሱ ጣጣ አለው፤ ጥንካሬው ከቤት ቤት ይለያያል። «ሁለት መለኪያ» ያለው ሰው ምን ያህል እንደጠጣ ራሱም አያውቅም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አግዷል። መልካም አደረገ። ይሁን እንጂ አረቄ መቼ ማስታወቂያ ኖሮት ያውቃል? የአረቄ ማስታወቂያው እኛው ነን። በሠርጉ፣ በማኅበሩ፣ በዓመት በዓሉ፣ አረጋዊው «ይበቃኛል» ብለው እጃቸውን በብርጭቆው አፍ ላይ ሲያሳርፉ፣ «በሞቴ! ይቺን ብቻ!» የምንል እኛ ነን። ልብ በሉልኝ፤ በራሳችን ሞት እየማልን የምንቀዳው ግን ለእነሱ ነው። አክብሮታችን በፈሳሽ ይለካል። ያንኑ «በሞቴ» አንድ ጊዜ እንኳ ብርጭቆውን ለማራቅ ብንጠቀምበትስ?

እናም ሞከርሁ። የመጀመሪያው መልእክቴ እንዲህ የሚል ነበር፦ «አልኮል ከግፊት መድኃኒት ጋር አደገኛ ነው። እባክዎ ይቀንሱ።» መልስ አልመጣም። ከሦስት ቀን በኋላ ስጠይቃቸው «ያንተ ነበር እንዴ? እኔ የባንክ መስሎኝ!» አሉኝ። ሳቅሁ፤ ግን ዘለፋው ገብቶኛል። ቀኑን ሙሉ «ውድ ደንበኛችን» ስል የምውለው ሰው ለአጎቴም እንደ ደንበኛ ጽፌላቸው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ፊደል ጥቂት ላውጋችሁ። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ሆሄያት ይይዛል፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ። ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል። ብዙዎች ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል። እኔ ግን ቆጠርሁ፤ ቆጠራ ሥራዬ አይደል? የእኛ ፊደል ተነባቢውን ከነአናባቢው አዝሎ ስለሚሄድ፣ በ70 ፊደል ውስጥ ሁለት ስንኝ ገብቶ ቦታ ይተርፋል። ታዲያ በአንድ ምሽት፣ ልክ 12 ሰዓት ሲል፣ ይህን ላክሁ፦

መለኪያዋ ትቆይ ትረፍ ለአንድ ማታ፤
ለእኛ የሚጣፍጠን የእርስዎ ነው ጨዋታ።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸች፦

መለኪያዋስ ትቆይ፤ እኔ ከማን ልቆይ?
ቤቱ ባዶ ሲሆን ሌሊት አይረዝም ወይ?

መምህር ናቸውና ቤት መምታቱ አላስደነቀኝም። ያስደነገጠኝ ጥያቄው ነው። እኔ ስለ አረቄ ጽፌ ነበር፤ እሳቸው ግን ስለ ባዶ ቤት መለሱልኝ። ሐኪሙ ያልጠየቃቸውን፣ እኔም በዓመት በዓል መካከል ሰምቼው የማላውቀውን፣ በስንኝ ተሸፍነው ነገሩኝ። ፊት ለፊት ቢሆን አይናገሩትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ማታ እሳቸው ዘንድ እሄዳለሁ፤ በሌሎቹ ምሽቶች አንዳችን ሌላችንን በስንኝ እንጣራለን። አረቄውን ፈጽመው ትተዋል ብዬ ብነግራችሁ እዋሻለሁ። አራቷ መለኪያ ግን አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ሆናለች። ክፉ ምሽትም አለ፤ ያን ዕለት መልስ አይመጣም፤ እኔም በማግስቱ እደውላለሁ።

የአንድ አጎት ወሬ ማስረጃ አይሆንም፣ የሚል ቢኖር ልክ ነው። ነገር ግን በብሪታንያ 5,800 አጫሾች የተሳተፉበት፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ማጨስን እንዲያቆሙ የሚያበረታታ መልእክት በስልካቸው ሲላክላቸው ከነበሩት ውስጥ ከስድስት ወር በኋላ 10.7 በመቶው አቁመው ተገኝተዋል፤ ካልተላከላቸው ግን 4.9 በመቶው ብቻ። በአሜሪካ፣ በምዕራብ ፔንሲልቬንያ፣ ከድንገተኛ ሕክምና ክፍል በወጡ 765 ወጣቶች ላይ የተደረገውና በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመው ደግሞ ስለ መጠጥ ነው። በየሳምንቱ ስለ አጠጣጣቸው በመልእክት ተጠይቀው ለመልሳቸው ምላሽ ያገኙት አብዝተው የሚጠጡባቸው ቀናት ከሦስት ወር በኋላ ቀነሱ። የተጠየቁት ግን ምላሽ ያላገኙት አልቀነሱም። እነዚያ ወጣቶች ናቸው፤ አጎቴ ሽማግሌ። ቢሆንም ትምህርቱ ለሁለቱም አንድ ይመስለኛል፤ ሰውን የሚለውጠው መጠየቁ ብቻ ሳይሆን መልሱን የሚሰማ መኖሩ ነው።

እንደኔ እንደኔ፣ ይህ ሥራ ከግለሰብ እጅ ወጥቶ የጤና ተቋማት ሥራ መሆን ይገባዋል። ዕጣና ሽልማት ለማብሠር በየቀኑ ስልካችንን የሚያንኳኳው መልእክት፣ በፈቃዳቸው ለተመዘገቡ አረጋውያን መለኪያዋ ከመቅረቧ በፊት ቢደርስ ምን ይጎዳል? ሆኖም ሦስት ነገር ይጠበቅ። አንደኛ፣ መልእክቱ በእኛ ፊደልና በ«እርስዎ» ይጻፍ፤ ለአባት እንደሚጻፍ እንጂ ለተከሳሽ እንደሚጻፍ አይሁን። ሁለተኛ፣ ምሥጢር ይጠበቅ። ብዙ አረጋውያን መልእክት የሚያነቡላቸው የልጅ ልጆቻቸው ናቸውና፣ መጠጥን በስም የሚጠራ ቃል አያትን በልጅ ፊት ያሳፍራል። ማንበብ ለማይችሉትም በድምፅ ይድረሳቸው። ሦስተኛ፣ ጠዋት እጁ እየተንቀጠቀጠ ካልጠጣ የማይረጋጋ ሰው በአንድ ጊዜ «ያቁሙ» አይባል። በድንገት ማቆም እስከ መንፈራገጥና ሞት ሊያደርስ ይችላል፤ እሱን መልእክቱ ወደ ሐኪም ይምራው። ስንኝ መድኃኒት አይደለም። በር የሚያንኳኳ እጅ ነው፤ በሩ ሲከፈት የሚገባ ሰው ያስፈልገዋል።

እናንተ የቃል ወዳጆች፣ ለእናንተም ድርሻ አላችሁ። ሁላችንም ለማይታወቅ አንባቢ ስንጽፍ እናመሻለን። ከዛሬ ማታ ስንኞቻችሁ ሁለቱን ብቻ፣ ባዶ ቤት ውስጥ ለሚያመሽ ለአንድ የምታውቁት ሽማግሌ ላኩ። ከ70 ፊደል አይብለጥ። መልስ ከመጣ ግን፣ በሞቴ፣ መልሱን ሳታነቡ አትደሩ።

አሁን 12 ሰዓት ሊሞላ ነው፤ የዛሬው ተራ የእኔ ነው።

ቸር እንሰንብት።