የተሸጠ ጨርቅ ይመለሳል!



ዒድ በቀረበ ቁጥር፣ የኒካሕ ወቅት በደረሰ ቁጥር ፒያሳ አካባቢ መስጂድ ለምናገለግል ሰዎች ደጋግሞ የሚመጣ ጉዳይ አለ። ሲጀመር ስለ ሌላ ነገር ይመስላል። ስለ ዕዳ፣ ከባል ጋር ስለተፈጠረ ጭቅጭቅ፣ ከጓደኛ ጋር ስለ መኳረፍ። ትንሽ ሲብራራ ከሥሩ ጨርቅ ይወጣል። ተገዝቶ ያልተወደደ፣ ሳይሰፋ ሻንጣ ውስጥ የተኛ ጨርቅ።

«ይሄም ጉዳይ ሆኖ!» የሚል ይኖራል። አራት አምስት ሜትር ደህና ጨርቅ ዛሬ ስንት እንደሆነ ለገዛ ሰው አይነገረውም። ተበድራ የገዛች እህት ጨርቁ ሻንጣ ውስጥ ቢተኛም ዕዳው አብሮት አይተኛም። ስለዚህ «ምን ላድርገው?» የሚለው ጥያቄ በቂ መልስ ይገባዋል።

የመጀመሪያው መልሴ፦ መቀስ ሳይነካው መልሱት።

ሱቁ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት እንደተለጠፈ አውቃለሁ። ያ ወረቀት ከቁርኣንም ከሐዲሥም የመጣ አይደለም። በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው የሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ) ሐዲሥ መሠረት ገዢና ሻጭ እስካልተለያዩ ድረስ ምርጫ አላቸው። ሻፊዒዮችና ሐንበሊዮች ይህን በአካል መለያየት አድርገው ሲረዱት፣ ሐነፊዮችና ማሊኪዮች ግን ቃሉ ከተጠናቀቀ ሽያጩ ጸንቷል ይላሉ። እንግዲህ ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ልባችሁ ከከዳ አትፈሩ፤ እዚያው ተናገሩ። «ተቆርጦልኛል፣ ምን ይሉኛል» ብላችሁ ይዛችሁት አትውጡ። በእርግጥ ከጣቃው ላይ የተቆረጠ ጨርቅ ለሻጩም ጉዳት አለው። ስለዚህ መናገሩ ሜትሩ ሳይለካ ቢሆን ይመረጣል።

ከዚህ የበለጠ ልትጠቀሙበት የሚገባው ግን ብዙዎቻችን የረሳነው ነው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ሲገበያይ ሁልጊዜ የሚታለል አንድ ሶሐባ ነበር። ነቢዩ ከገበያ አላባረሩትም። ሲገዛ ማታለል እንዳይኖር አስቀድሞ እንዲናገር አስተማሩት፤ የሦስት ቀን ምርጫ እንደተሰጠውም ተዘግቧል። ዑለማኦች ይህን «ኺያሩ ሸርጥ» ይሉታል። በአማርኛ ሲሆን እንዲህ ነው፦ «ጋሼ፣ እናቴን አሳይቼ ካልተስማማት እስከ ሦስት ቀን እመልሳለሁ፤ ተስማምተናል?» ሻጩ «እሺ» ካለ ያ ቃል የሽያጩ አካል ሆነ። ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ቢለጠፍም ቃሉ ያስገድደዋል። «እሺ» ካላለ ደግሞ ሳትገዙ አወቃችሁት ማለት ነው።

ጨርቁ ጉድለት ካለበት ነገሩ ሌላ ነው። ከውስጥ የተበላ፣ ቀለሙ የተዥጎረጎረ ወይም «ጥጥ ነው» ተብሎ ሌላ ሆኖ የተገኘ ከሆነ መመለስ መብታችሁ ነው። በሸሪዓም ነው፣ በሀገሪቱ ሕግም ነው። በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ደረሰኝ ያዙ።

ጨርቁ ምንም ጉድለት የለውም፣ ቃልም አላስገባችሁም፣ ዝም ብሎ ልባችሁ ጠላው እንበል። እዚህ ላይ ሻጩን የሚያስገድደው ነገር የለም። ሄዳችሁ በትሕትና ብትጠይቁ ግን ነውር አይደለም። የተጸጸተን ገዢ ሽያጩን ማፍረስ በፊቅህ «ኢቃላ» ይባላል፤ ይህን ያደረገ ሰው አላህ በትንሣኤ ቀን ስሕተቱን እንደሚያነሳለት አቡ ዳውድና ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሐዲሥ መጥቷል። ኢቃላ በገዛችሁበት ዋጋ ነው። ሻጩ «ቀንሼ ልውሰደው» ካለ ያ ኢቃላ ሳይሆን አዲስ ሽያጭ ነው፤ ተስማምታችሁ እጅ በእጅ ከሆነ ይቻላል።

እዚህ ላይ ፊቴን ወደ ባለ ሱቆቹ ማዞር እፈልጋለሁ፤ ይህን ገጽ የምታነቡ እንዳላችሁ አውቃለሁና። አማርኛችን ሻጩንም ገዢውንም «ደንበኛ» ይላል። እሷም «ደንበኛዬ ጋ ልሂድ» ትላለች፣ እናንተም «ደንበኛዬ መጣች» ትላላችሁ። የአራዳ ገበያ በምኒልክ ዘመን ጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም በነበረበት ጊዜ ዐረቡም ህንዱም አርመኑም በዚህ ሰፈር ጨርቅ ሸጧል። ጣሊያን ገበያውን ወደ መርካቶ ካዛወረ በኋላም ሱቁና ልብስ ሰፊው ከፒያሳ አልጠፉም። በ2016 ዓ.ም ሰፈሩ ሲፈርስ ግን ስንቱ ደንበኛውን አጥቶ እንደተበተነ አይታችኋል። አዲስ ቦታ የከፈተ ሰው ደንበኛ የሚያፈራው በምን ይመስላችኋል? በሚያብረቀርቅ መብራት ነው ወይስ «አምጪው እህቴ፣ ካልተቆረጠ ችግር የለም» በማለት? ወረቀቱን ንቀሉት አልልም። «ያልተቆረጠ እስከ ሦስት ቀን ይመለሳል» የሚል ግን ከጎኑ ለጥፉ። ነጋዴ ይከስራል የሚለኝ ካለ፣ የሚመለሰው ስንት ሜትር እንደሆነ አንድ ወር መዝግቦ ይንገረኝ።

የጸጸቱ ትልቁ ምንጭ ደግሞ ሱቁ አይደለም፣ እኛው ነን። ለኒካሕ «ሁላችንም አንድ ዓይነት» የሚባለው ነገር! አሥር ጓደኛሞች በቴሌግራም ቀለም ይመርጣሉ፤ ዘጠኙ ይወዱታል፣ አንዷ አቅሙ የላትም፣ ግን ዝም ትላለች። ባለፈው አንዲት እህት ለጓደኛዋ ሠርግ የገዛችውን ጨርቅ ቀለሙ ስለተቀየረ ዳግመኛ ሌላ እንድትገዛ ተጠይቃ መጥታ ነበር። የመጀመሪያውን የሸጠላት ሰው አልመለሰም አለ፤ ሙሽራዋም አልሰማችም። እንዲህ ያለውን ወጪ «አልችልም» ማለት ወዳጅነትን ማፍረስ አይደለም። የምታገባ እህትም ቀለሙን ብቻ ተናግራ ጨርቁንና ዋጋውን ለእያንዳንዷ አቅም ብትተወው ሠርጉ ምኑ ይጎድላል?

መመለስ ካልተቻለስ? መቀስ አንሱ።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ቤታቸው ሥዕል ያለበት መጋረጃ ሰቅለው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከጉዞ ሲመለሱ አይተው አልወደዱትም፤ ከተሰቀለበትም ተነሳ። ጨርቁ ግን አልተጣለም፤ ተቆርጦ ትራስ ሆነ። ዐሊይም (ረ.ዐ) የሐር ጨርቅ ያለበት ልብስ በስጦታ ደርሷቸው ለበሱት፤ በነቢዩ ፊት ላይ ቁጣ ሲያዩ አወለቁና ቆርጠው ለቤተሰባቸው ሴቶች አከፋፈሉት። ሁለቱም ታሪክ በቡኻሪና በሙስሊም ያለ ነው። እኔን የሚገርመኝ ፍጥነታቸው ነው። «ለአንድ ቀን ይሆናል» ብሎ አጣጥፎ ማስቀመጥ የለም።

ለዐባያ የከበደ ጨርቅ መጋረጃ ይሆናል። የሳሳው ለሌላ ልብስ ገበር ይሆናል። ቀለሙ የጮኸባችሁ የልጅ ልብስ ወይም የትራስ ልብስ ይወጣዋል። ቁርጥራጩን ገጣጥሞ ከመሃሉ አሮጌ ብርድ ልብስ ከትቶ መስፋትም አለ፤ እኛ «ድሪቶ» ብለን የድህነት ስም ሰጠነው እንጂ ቤንጋሎች ያረጀ ሳሪ ደራርበው በመርፌ እየሰፉ «ካንታ» የሚሉትን አልጋ ልብስ ይሠራሉ፣ ዓለምም በውድ ይገዛቸዋል። የመስገጃ ምንጣፍም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ፊት ለፊት ዓይን የሚስብ ሥዕል እንዳይኖረው ብቻ ተጠንቀቁ። ልብስ ሰፊ ጋ ስትወስዱት ደግሞ ትራፊውን ጠይቃችሁ ተቀበሉ። የእናንተ ነው፣ እሱ ዘንድ አማና ነው፤ ከተዋችሁለት በአፋችሁ ንገሩት።

በቴሌግራም ለመሸጥ ያሰባችሁ፣ ነውሩን ጻፉት። «አንድ ቦታ ነጥብ አለበት»፣ «ግማሽ ሜትር ይጎድለዋል»። ራሳችሁ የተቃጠላችሁበትን ጨርቅ በጥሩ ፎቶ ለሌላ ሰው ማሻገር ጸጸቱን አያጠፋም፤ ባለቤቱን ይለውጣል። በር ላይ «ልዋጭ!» እያለ ለሚያልፈው መስጠትም ይቻላል። አምስት ሜትር አዲስ ጨርቅ በሁለት ብርጭቆ ከመለወጣችሁ በፊት ግን አስቡበት።

ሶደቃ ለምትሉ፣ ቀለሙን ስላልወደዳችሁት ብቻ ከሆነ በርቱ፤ የሌላ ሰው ምርጫ ሊሆን ይችላል። የተበላውን ወይም የደበዘዘውን ከሆነ ግን ሱረቱል በቀራ 267ኛውን አንቀጽ ከፍታችሁ አንብቡና ወስኑ።

ነጭ ጥጥ ከሆነ ደግሞ ሌላ ቦታ አለው። አቡጀዲም ይሁን ሌላ፣ ነጭ ንጹሕ ጥጥ ለከፈን ይሆናል። ለወንድ ሦስት፣ ለሴት አምስት ቁራጭ ነው የሚፈለገው፤ ሌሊት ሰው ሞቶበት፣ ሱቅ ዝግ ሆኖ የሚመጣ ቤተሰብ አለ። ሳትቆርጡት፣ አጥባችሁ፣ አጣጥፋችሁ በአቅራቢያችሁ መስጂድ ላሉ አገልጋዮች ስጡ። ስስ ሆኖ ገላ የሚያሳይ ወይም ፖሊስተር የሆነውን ግን አታምጡ፤ እሱን መጋረጃ አድርጉት።

ወላሁ አዕለም።