የማያመው እብጠት

ጥቅምት በመጣ ቁጥር ሮዝ ሪባን ደረት ላይ ይለጠፋል፣ የእግር ጉዞ ይዘጋጃል፣ «ጡትሽን ራስሽ ፈትሺ» የሚለው መልእክት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይደጋገማል። ዘመቻውን አልንቀውም፤ ከዝምታ ይሻላል። ግን ሁለት ነገር ዘልሎ ያልፋል፦ ስለ ሕመም ያለንን እምነትና እብጠቱ ከተገኘ በኋላ ሴቲቱን የሚቀበላትን እጅ።

እኛ ዘንድ በሽታ የሚለካው በሕመም ነው። ከምጣድ፣ ከእርሻ ወይም ከቢሮ ያላስቀረ ነገር በሽታ አይባልም፤ «ደግሞ ለዚህ ሐኪም ቤት?» ያሰኛል። የጡት ካንሰር የሚያታልለን በዚሁ በኩል ነው። ጅማሬው ላይ ብዙውን ጊዜ አያምም። ገላ ሲታጠቡ እጅ ላይ የሚገኝ ጠጠር ያለ ነገር ይሆናል፤ ዳር ዳሩ ያልተስተካከለ፣ ሲገፉት እንደ ልብ የማይንሸራተት፣ አብዛኛውን ጊዜ በብብት በኩል ባለው የላይኛው የጡት ክፍል። ማመም የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ቆዳውን ሰብሮ ሲቆስል ወይም አጥንት ውስጥ ሲገባ ነው። የወር አበባ ሲቃረብ ሁለቱንም ጡት የሚያስጨንቀው ሕመም ግን ከካንሰር ጋር እምብዛም አይገናኝም። መለኪያችን ተገልብጧል፤ የሚያመው ያስደነግጠናል፣ የማያመው ያዘናጋናል።

ምልክቱ እብጠት ብቻም አይደለም። ድሮ ወጣ ያለ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ከአንዱ ጡት ሳይጨምቁት ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ሲወጣ፣ ቆዳው ሲሰረጉድ ወይም የብርቱካን ልጣጭ ሲመስል፣ ጫፉ ላይ የወጣ ሽፍታ በቅባት አልድን ሲል፣ ብብት ሥር ዕጢ ሲገኝ መታየት አለበት። አንዱን ላስምርበት፦ ጡት ቀልቶና ግሎ ካበጠ፣ ለኢንፌክሽን የታዘዘው መድኃኒት አልቆም ካልሻረ፣ ሌላ ዙር ከመዋጥ በፊት ምርመራ ያስፈልጋል። የሚያጠቡ እናቶች «ወተት ቋጥሮ ነው» እየተባሉ ወራት የሚያልፉባቸው እዚህ ላይ ነው። እርግጥ ከሚገኙት እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። ይህን የሚለየው ግን የጎረቤት ግምት ሳይሆን ምርመራ ነው፤ አጠራጣሪ ከሆነም ከእብጠቱ የሚወሰድ ናሙና።

የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2020 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ 16 ሺህ ያህል ሴቶች በጡት ካንሰር እንደተያዙ፣ 9 ሺህ ያህል እንደሞቱ ገምቷል። ታማሚዎቹ በአብዛኛው ከ50 ዓመት በታች ናቸው፤ ብዙዎቹም ሐኪም ፊት የሚደርሱት በሦስተኛና በአራተኛ ደረጃ ላይ ነው። ስለዚህ በሀብታም አገሮች የተለመደው የማሞግራም (የጡት ራጅ) ምርመራ ለእኛ የመጀመሪያው መልስ አይመስለኝም። መሣሪያው ብርቅ ነው፤ የወጣት ሴት ጡት ደግሞ ጥቅጥቅ ስለሚል በማሞግራም ጥርት ብሎ አይታይም።

ታዲያ ራስን መፈተሽስ? በሻንጋይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በሚሠሩ 266,064 ሴቶች ላይ ይኸው ተሞክሯል። ግማሽ ያህሉ ጡታቸውን እንዴት እንደሚፈትሹ ሠለጠኑ፣ ሌሎቹ አልሠለጠኑም። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት ተስፋ ያደረጉትን ሁሉ አሳዝኗል፤ በሁለቱም ወገን በጡት ካንሰር የሞቱት ቁጥር ተቀራራቢ ነበር፣ የሠለጠኑት ግን ካንሰር ያልሆነ እብጠት አብዝተው አገኙ። በሙምባይ በ150 ሺህ ያህል ሴቶች ላይ የተካሄደው ጥናት ሌላ መንገድ ያዘ። ሐኪም ያልሆኑ፣ ለዚሁ የሠለጠኑ ሴት የጤና ሠራተኞች የግማሽ ያህሉን ሴቶች ጡት በየሁለት ዓመቱ በእጃቸው መረመሩ። ከ20 ዓመት ክትትል በኋላ በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት ካንሰሩ ገና ሳይገፋ እየተገኘ ነበር፤ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ዘንድ በጡት ካንሰር መሞት በ30 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ከዚያ በታች ባሉት ሞት ላይ ግን ጉልህ ለውጥ አልታየም፤ ይህን መደበቅ አይገባም።

ከሁለቱ የምረዳው ሴትን ብቻዋን ከመስተዋት ፊት አቁሞ ኃላፊነቱን በእሷ ላይ መጣል እንደማያዋጣ ነው። ጡቷን ማወቋ ጥሩ ነው፤ ለውጥ ስታይ የምታሳየው የሠለጠነ እጅ ግን በቅርብ መኖር አለበት። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሴት ባለሙያዎችን በየቀበሌው አድርሷል። እነሱ ጡት መመርመር ቢሠለጥኑ፣ ጤና ጣቢያውም ታማሚዋን ሳይነካ ማስታገሻ ጽፎ መሸኘቱን ቢተው፣ ከብዙ ሪባን የሚበልጥ ሥራ ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት ሴቲቱ ከቀረበች በኋላ ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ እንዲጠናቀቅ ግብ አስቀምጧል። እኛ ጋ ሪፈር ወረቀቱ ብቻውን ያን ያህል ጊዜ ሊፈጅ ይችላል።

ፍርሃቱም አለ፤ «ጡቴን ይቆርጡኛል፣ ከዚያም እሞታለሁ» የሚለው። መሠረት የለውም አልልም። ጡቱን አትርፎ ዕጢውን ብቻ ማውጣት ብዙ ጊዜ የጨረር ሕክምና ይከተለዋል፤ አገሪቱ ደግሞ ለረጅም ዓመታት ጨረር የነበራት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ በመሆኑ ጡትን ማትረፍ ቀላል አልነበረም። ሆኖም የብዙ ኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ካንሰር በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት በመሆኑ ታሞክሲፈን የተባለው ርካሽ ኪኒን ይሠራበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ለ5 ዓመት ይዋጣል። ጸበል የምትሄድም ብትሆን ጸበሉና ናሙናው አይጣሉም፤ ቀኑን የሚያባክነው አንዱን ጨርሼ ወደ ሌላው ማለት ነው።

ይህን የምታነቢ እህቴ፣ አዲስ እብጠት አንድ የወር አበባ አልፎም ካልጠፋ፣ ባያምሽም ሂጂና አሳዪ። ባለሙያው ጡትሽንና ብብትሽን ሳይዳስስ «ምንም አይደለም» ካለሽ አልትራሳውንድ ጠይቂ፤ እምቢ ካለም ሌላ ዘንድ ሂጂ።