ቆጣሪ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም



ቤተሰቦቼ በሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም የየቤቱ ቆጣሪ ምድር ላይ፣ ደረጃው ሥር፣ አንድ ላይ ተደርድሮ ይገኛል። ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤታችን ሶኬት ሊቀይር ወርዶ ብሬከሩን አጠፋና ወደ ሦስተኛ ፎቅ ተመለሰ። ልጁ ከውጭ ሲመጣ «ብሬከራችን ወርዷል» ብሎ አነሣው። አባትየውን ክፉኛ ነዘረው፤ እግዜር አተረፈው።

ሰፈሩ በሙሉ ልጁን ተቆጣ። እኔ ግን በዚህ ፍርድ አልስማማም። ልጁ ምን ያውቃል? እኔም ብሆን አነሣው ነበር። ጥፋቱ ሳጥኑን ሳይቆልፍ የሄደው የአባትየው ነው። ያጠፋ ሰው ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ መክተት፣ «ሰው እየሠራ ነው፣ አታብሩ» ብሎም መለጠፍ አለበት። ቁልፍ ከሌለ ሰው ያቁምበት።

አምፑል ጠፋ ማለትም ሽቦው ኃይል የለውም ማለት አይደለም። የግድግዳው ማጥፊያ በስሕተት ኒውትራሉ ላይ ከተገጠመ አምፑሉ ይጠፋል፣ 220 ቮልቱ ግን እዚያው ይጠብቃል። ስለዚህ ቴስተሩ አስቀድሞ ኃይል ባለው ሶኬት፣ ቀጥሎ በሚሠራበት ሽቦ፣ ከዚያም እንደገና ኃይል ባለው ሶኬት ይሞከር። የተበላሸ ቴስተርም «ኃይል የለም» ይላላ!

ወደ ግቢያችን ስንመለስ፣ የመኝታ ሕንፃችን ሳጥን ላይ የትኛው ብሬከር የየትኛው ክፍል እንደሆነ አልተጻፈም፤ መቆለፊያም የለውም። የግቢው ኤሌክትሪሻን ፈቃዳቸው ከሆነ እሳቸው እየለዩ ይንገሩን፣ እኛ እንጽፍ። እሑድ ከምሳ በኋላ ወረቀትና ማጣበቂያ ይዤ ሳጥኑ ዘንድ እገኛለሁ።