የአገር ዜማና የኤሌክትሪክ ጊታር

ባህላዊ ሙዚቃን ከዘመናዊው ጋር ማዋሐድ ይገባል ወይስ አይገባም? ጥያቄው በተነሣ ቁጥር ተከራካሪዎች በሁለት ጎራ ይሰለፋሉ። አንደኛው ወገን የአባቶች ዜማ በባዕድ መሣሪያ ተበረዘ ብሎ ይቆጫል። ሌላው ወገን ደግሞ ዘመኑን የማይመስል ዜማ ቤተ መዘክር ይግባ ባይ ነው። እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም። ምክንያቴን በደረቁ ከመዘርዘር ግን አንድ ሥራ አንሥቼ ባስረዳችሁ ይሻላል። ሥራው፣ ሁዋኔስ በሚል ስም የታወቀው የኮሎምቢያ ሮክ ሙዚቀኛ እ.ኤ.አ. በ2000 ለብቻው ያወጣው የመጀመሪያ አልበም ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) የአልበሙ ርእስ «ፊሃቴ ቢዬን» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ልብ ብለህ ተመልከት» እንደ ማለት ነው።

ሁዋኔስ የተወለደው በ1972 በሜዴሊን ከተማ ነው። ሁዋን ኤስቴባን የሚሉት ሁለቱ ስሞቹ ተቆራርጠው ሲገጠሙ «ሁዋኔስ» ሆኑ። ቤተሰቡ ጊታር ይወድ ስለነበረ ገና በሰባት ዓመቱ ከአባቱና ከወንድሞቹ ጊታር መምታት ተማረ። በቤቱ የሚዘፈነውም ቦሌሮ፣ ኩምቢያ፣ ባዬናቶና ታንጎ ነበር። ታንጎ የአርጀንቲና ዜማ ነው እንጂ የኮሎምቢያ አይደለም፤ ነገር ግን ታላቁ የታንጎ ዘፋኝ ካርሎስ ጋርዴል በ1935 በአውሮፕላን አደጋ የሞተባት ሜዴሊን ታንጎን እንደ ራሷ ዜማ ትቆጥረዋለች።

ልጁ ሲጎረምስ ጆሮው ወደ ሌላ አዘነበለ። በ1988 ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ኤኪሞሲስ የተባለ የሄቪ ሜታል ባንድ አቋቋመ። ቃሉ የሕክምና ቃል ሲሆን ከቆዳ ሥር ደም ቋጥሮ የበለዘ ሰውነትን ያመለክታል። ስሙ እንዲያው ለማስፈራራት ብቻ የወጣ አይመስለኝም። ሜዴሊን በዚያን ጊዜ የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴው ፓብሎ ኤስኮባር መንግሥትን የሚወጋባት፣ በጎዳናዎቿ ላይ ቦምብ የሚፈነዳባት ከተማ ነበረች። ኤስኮባር የተገደለው በ1993 ነው። እንዲህ ባለች ከተማ ያደገ ወጣት የሚጮኽ ጊታር ቢመርጥ ምን ይደንቃል?

በ1990ዎቹ መጨረሻ ባንዱ ሲበተን ሁዋኔስ ጊታሩን ይዞ ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻገረ። በዚያም የዘፈኖቹ ናሙና ከጉስታቮ ሳንታኦላያ እጅ ገባ። ሳንታኦላያ አርጀንቲናዊ ነው፤ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አርኮ ኢሪስ በተባለው ባንዱ አማካይነት የአገሩን የገጠር ዜማ ከሮክ ጋር ሲያዋሕድ የኖረ ሰው ነው። በወታደሮች አገዛዝ ዘመን አገሩን ለቆ አሜሪካ ገብቷል። እንግዲህ የሁዋኔስን አልበም ያዘጋጀው ነገሩን ከፋሽን የተማረ ሰው ሳይሆን የኖረበት ሰው ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን የፍቅር ዘፈን አይደለም፤ የሚናገረው ስለ ተቀበረ ፈንጂ ነው። ከመሬቱ የተፈናቀለን፣ ያለውን የተነጠቀን ሰው እያነጋገረ እግርህን የምታሳርፍበትን ተመልከት ይለዋል። ፈንጂ ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ኮሎምቢያ ፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀችው አልበሙ በወጣበት በዚያው በ2000 ሲሆን፣ ሽምቅ ተዋጊዎቹ ግን ከርካሽ ዕቃ የሠሩትን ፈንጂ መቅበራቸውን ቀጥለው ነበር። የሚሞተውና አካሉ የሚጎድለው ወታደሩ ብቻ አልነበረም፤ ወደ እርሻው የሚወርደው ገበሬና ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ጭምር ነበር።

እንዲህ ያለውን ጉዳይ በሄቪ ሜታል ጩኸት ብቻ ቢናገሩት የከተማ ወጣት ቁጣ ሆኖ ይቀራል። በገጠር ዜማ ብቻ ቢያንጎራጉሩት ደግሞ ከተሜው የሩቅ ለቅሶ አድርጎ ያልፈዋል። ሁዋኔስ ሁለቱን አጋጠማቸው፤ የኤሌክትሪክ ጊታሩ የከተማውን ጆሮ ሲይዝ፣ ከልጅነት ቤቱ የመጣው ምት የገበሬውን አገር ያስታውሳል። ውሕደቱ ጌጥ ሳይሆን ጉዳዩ ራሱ የጠየቀው መሆኑ እዚህ ላይ ነው የሚታየው።

«ግን የተቀላቀለ ነገር እንዴት የአገር ይባላል?» የሚል ይኖራል። እስቲ ባዬናቶን እንመልከት። ይህ የኮሎምቢያ ሰሜናዊ ጠረፍ ዜማ በሦስት መሣሪያዎች ላይ የቆመ ነው። አኮርዲዮኑ በ19ኛው መቶ ዓመት ከአውሮፓ በመርከብ የመጣ ነው። ካሃ የምትባለው ትንሽ ከበሮ የአፍሪካ ዘር ያላቸው ሰዎች ቅርስ ናት። እየተፋቀ የሚጮኸው ጉዋቻራካ ደግሞ የጥንቶቹ ነባር ሕዝቦች መሣሪያ ሲሆን ስሙን ያገኘው ከአንዲት ጫጫታ ከምታበዛ ወፍ ነው። ኩምቢያም ብትሆን የነባሩን ሕዝብ ዋሽንት ከአፍሪካውያን ከበሮ ጋር ያገናኘች ናት። ዛሬ «ንጹሕ» ብለን የምንጠብቀው ዜማ ትናንት ድብልቅ ነበር። በባርነት ተግዘው የመጡ ሰዎች ከበሮና ነጋዴ ያመጣው አኮርዲዮን በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ሲገናኙ፣ ተበረዘ ብሎ የጮኸ ሰው ያኔም ሳይኖር አይቀርም።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያውን ወገን ሥጋት እንደ ተረት ማጣጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። ዩኔስኮ በ2015 ባህላዊውን ባዬናቶ አስቸኳይ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ቅርሶች መካከል ሲመዘግብ፣ አዲሱ የባዬናቶ ስልት ነባሩን ወደ ዳር እየገፋው መሆኑን ከአደጋዎቹ እንደ አንዱ ጠቅሶታል። ስለዚህ ድብልቅ ሁሉ ልማት ነው ማለት አይቻልም። አንዳንዱ ድብልቅ ምንጩን ያደርቃል። እኔ የምለይበት መንገድ ይህ ነው፤ ሠሪው ሁለቱንም ያውቃቸዋል ወይስ አንዱን ለማጣፈጫ ብቻ ነው የነሰነሰው? በሸክላ ላይ ዐሥር ሰከንድ ዋሽንት አስነፍቶ «ባህላዊ» የሚል ስም የሚለጥፍ ሰው ለምንጩ ምንም አልጨመረለትም።

በዚህ መለኪያ የእኛውን ሙላቱ አስታጥቄን ማንሣት ይቻላል። እርሳቸው በ1966 በኒው ዮርክ «አፍሮ-ላቲን ሶል» የተሰኘውን ሸክላ ሲያሳትሙ የአገራችንን ቅኝት ከላቲን አሜሪካ ምት ጋር አጋጥመዋል። በውጭ አገር ትምህርት ቤት ሙዚቃ የተማሩ ቢሆኑም ከቅኝታችን አልወጡም፤ ኢትዮ-ጃዝ የተባለው ስልትም የበቀለው ከዚህ ጥረት ነው።

ወደ ሁዋኔስ ልመለስ። አልበሙ በ2001 ሦስት የላቲን ግራሚ ሽልማቶችን አገኘ። የሽልማቱ በዓል ሎስ አንጀለስ ላይ ሊከበር የታሰበው በመስከረም 11 ቀን ስለነበረ፣ በዚያ ዕለት በአሜሪካ ላይ በደረሰው ጥቃት ምክንያት በዓሉ ቀርቶ ተሸላሚዎቹ በኋላ ተገለጡ። ሽልማትን ግን እንደ ማስረጃ አልቆጥረውም፤ ብዙ ደካማ ሥራም ተሸልሟል። በ2002 ያስከተለው አልበም ከመጀመሪያው ይበልጥ በሰፊው ተሰምቷል፣ ለጆሮም ይቀልላል። ቢሆንም እኔ ምርጫዬ የመጀመሪያው ነው። እንከን የለውም ማለቴ አይደለም፤ በአንዳንዶቹ ዘፈኖች ላይ የአገሩ ምት እየሳሳ ሄዶ ማንኛውም የሮክ ባንድ ሊጫወተው የሚችል ነገር ይሆናል። እነዚያን ዘፈኖች ዛሬ የሚያነሣቸው ጥቂት ነው።

የርእሱ ዘፈን ግን አላረጀም። ሁዋኔስ ራሱ ከዓመታት በኋላ የፈንጂ ተጎጂዎችን የሚረዳ ድርጅት አቋቋመ። የኮሎምቢያ መንግሥትና ትልቁ የሽምቅ ጦር በ2016 የሰላም ስምምነት ተፈራረሙ፤ መሬት ውስጥ የቀረው ፈንጂ ግን ፊርማ አያነብምና ከዚያም በኋላ የገበሬ እግር መቁረጡን አላቆመም።