በረዶው ስንት ውሃ ይዟል?

ልጆቻችሁ ሚኒሶታ ወይም ስዊድን ካሉ፣ መኪና ስለሚቀብረው በረዶ በስልክ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ወንዝ ዳር ለሚኖር ሰው ግን ትልቁ ጭንቀት በረዶው ሲቀልጥ ነው የሚመጣው። በሚያዝያ 1989 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1997፣ ከሚኒሶታ አጠገብ በሰሜን ዳኮታ ያለችው ግራንድ ፎርክስ ከተማ ወንዙ 49 ጫማ ድረስ ይሞላል ተብላ ተዘጋጀች። ውሃው 54 ጫማ አለፈ። አብዛኛው ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወጣ። ትንበያው የሳተበት ምክንያት አንድ ብቻ አልነበረም፤ ሆኖም እንዲህ ያለ ትንበያ ሁሉ የሚነሳው ሜዳው ላይ የተከመረው በረዶ ስንት ውሃ ይዟል ከሚለው ጥያቄ ነው።

አገር ሙሉ በአካፋ አይለካም። ስለዚህ ሳተላይት ያግዛል። ማይክሮዌቭ ሲባል ወጥ ቤት ያለው ሣጥን ትዝ ይላችሁ ይሆናል፤ የሞገዱ ዓይነት ያው ነው። ሳተላይቱ ግን ምንም አያሞቅም፤ መሬት ራሷ የምታወጣውን ደካማ ማይክሮዌቭ ብቻ ይቀበላል። ሌሊት አያግደውም፣ ደመናም ብዙ አያስቸግረውም።

ልጆቹን ሰብስባችሁ ይህን ሞክሩ። ከማቀዝቀዣ ጥርት ያለ የበረዶ ቁራጭ አውጡና ወደ ብርሃን ያዙት፤ ያሳልፋል። በሙቀጫ ውቀጡት፤ ነጭ ይሆናል። ውሃው ያው ውሃ ነው፣ ብርሃኑ ግን ከቅንጣት ቅንጣት እየተላተመ ይበተናል። ከመሬት የሚነሳው ማይክሮዌቭም ደረቅ በረዶ ውስጥ እንደዚሁ ይበተናል፤ በረዶው በወፈረ ቁጥር ሳተላይቱ ዘንድ የሚደርሰው ይቀንሳል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ቅንጣቱ ትልልቅ የሆነ ስስ በረዶ፣ ቅንጣቱ ደቃቅ የሆነ ወፍራም በረዶ ሊመስል ይችላል። እኛ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠርም፣ የፈረንጅ አገሩን ብናኝም በረዶ ብለን እናልፋለን፤ ለስሌቱ ግን የቅንጣቱ መጠን ብዙ ነገር ይለውጣል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ በኮምፒዩተር በረዶውን እንደ ሽንኩርት ንብርብር በንብርብር ይሠሩታል፦ ውፍረቱን፣ እፍጋቱን፣ ሙቀቱን፣ ቅንጣቱን። ከዚያ ሳተላይቱ ምን ያህል ሞገድ ሊደርሰው እንደሚገባ አስልተው፣ በእርግጥ ከደረሰው ጋር ያስተያያሉ። እኔ የምወደው ግን አካፋው አለመቅረቱን ነው። በሰሜን ፊንላንድ ሶዳንኪላ ዛሬም ጉድጓድ እየቆፈሩ ቅንጣቱን በማጉያ መነጽር ያዩታል፤ ኮምፒዩተሩን የሚያርሙትም በዚያ ነው።

በረዶው መራስ ሲጀምር ደግሞ እርጥበቱ ራሱ ማይክሮዌቭ ስለሚያወጣ ከሥር የሚመጣውን ይሸፍነዋል። ጎርፉ በተቃረበበት ሰዓት ሳተላይቱ የውሃውን መጠን መለየት ያቅተዋል ማለት ነው፤ ያኔ የሚያገለግለው በረዶው ገና ደረቅ ሳለ የተያዘው ስሌት ነው።