ቅጠሉ ሲገረጣ

ባለፈው ነሐሴ አንድ ወጣት ወዳጄ ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ በተከራያት ክፍል ቡና ጋብዞኝ ሄጄ ነበር። ይህ ወዳጄ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ሥራ ከያዘ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ከደጃፉ ገባ እንዳልሁ፣ «ጋሼ፣ ቡናው እስኪፈላ ይህን በሽተኛ ይዩልኝ» ብሎ ወደ ጥጉ መራኝ።

በሽተኛው በቀለም ቆርቆሮ የተተከለ ፖቶስ ነበር። አንባቢዎቼ ታውቁታላችሁ፤ በየቢሮው መደርደሪያና በየሳሎኑ እንደ ሐረግ የሚንዘረፈፈው፣ ቅጠሉ የልብ ቅርጽ ያለው ተክል ነው። ትውልዱ ከእኛ እጅግ ሩቅ፣ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ካለችው ከሞሬያ ደሴት ነው። በ1880 እ.ኤ.አ. ሊቃውንት «ፖቶስ» ብለው መዘገቡት፤ በኋላ ወደ ሌላ ወገን ቢያዛውሩትም ሰው የፊተኛውን ስም አልተወም። በቀላሉ የማይሞት በመሆኑም የታወቀ ነው። የወዳጄ ግን ቅጠሉ ግማሹ ቢጫ ሆኖ፣ ግንዱም ተልፈስፍሶ በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ተኝቷል።

ወዳጄ ያዘነው ለአንድ አበባ ብቻ አልነበረም። ተክሉ የእርሱ አይደለም። አብሮት ይኖር የነበረው ጓደኛው ለትምህርት ወደ ጅማ ሲሄድ «አደራ» ብሎ የተወለት ነው። ለጓደኛው የሰጡት ደግሞ እናቱ ናቸው፤ እኒያ እናት ዛሬ በሕይወት የሉም። «አንድ ቀን እንኳ ውኃ አጓድዬበት አላውቅም» አለኝ ወዳጄ፤ «ጧትና ማታ አጠጣዋለሁ። ሲጠወልግ ሳይ ደግሞ እጨምርለታለሁ።»

ጥፋቱም ይኸው ነበር።

ሥር እንደ እኛ ይተነፍሳል። በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ካለው ክፍተት ኦክስጅን ይስባል። ክፍተቱን ዘወትር ውኃ ከሞላው አየሩ ያልቃል፤ ሥሩም ታፍኖ ይሞታል፤ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውኃ መሳብ አይችልም። ስለዚህ ተክሉ ውኃ ውስጥ ቆሞ በውኃ ጥም ይጠወልጋል። ባለቤቱም «ጠምቶታል» ብሎ ሌላ ጣሳ ያፈስስበታል። የተጠማውና የሰጠመው ተክል ላይ ላዩን ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ፤ ልዩነታቸው የሚታወቀው አፈሩን በመዳሰስ ነው።

ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ወደ አፈሩ ሰደድሁ፤ ጭቃ ነው። ቆርቆሮውን ባነሣው ከበደኝ። ከሥሩ ብገለብጠው አንድም ቀዳዳ የለውም። ተክሉን ቀስ አድርገን ብናወጣው የረግረግ ሽታ አወደን። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው፤ ይህ ግን ቡናማ ሆኖ በጣት ሲነካ ይላጥ ነበር።

እንግዲህ የእናንተም ተክል ሲገረጣ ውኃ ከማፍሰስና ማዳበሪያ ከመበተን በፊት፣ አንድ ጉዳይ ሳይመረመር እንደማይወሰን ሁሉ፣ ቀጥሎ ባለው ተራ መርምሩት።

በመጀመሪያ የገረጣው የትኛው ቅጠል እንደሆነ ተመልከቱ። ከታች ያለ አንድ አሮጌ ቅጠል ብቻ ቢጫ ሆኖ ቢወድቅ አትደንግጡ፤ ዕድሜው ነው። አፈሩ ደኅና ሆኖ የታችኞቹ በብዛት ከገረጡ ግን ናይትሮጅን አንሶታል ማለት ነው፤ ተክሉ ካሮጌው ቅጠል እየነቀለ ለለጋው ይሰጣልና። የላይኛው ለጋ ቅጠል ገርጥቶ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ ደግሞ የጎደለው ብረት ሊሆን ይችላል። ግሪ የተባለ ፈረንሳዊ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. የገረጣ ቅጠል በብረት ጨው እንደሚያገግም አሳይቷል። የኮልፌ ቀይ አፈር ብረት የሞላበት ሆኖ ሳለ ተክሉ ብረት የሚያጣው ስለምንድን ነው ትሉ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የምድጃ አመድ ነው። አመድ በብዛት ሲጨመር የአፈሩን ጠባይ ስለሚለውጠው ብረቱ ከሥሩ አጠገብ እያለ አይሟሟለትም።

ሁለተኛ፣ ጉዳቱ ከቅጠሉ በየትኛው በኩል እንደሆነ እዩ። ጫፉና ጠርዙ ብቻ ደርቆ ቡናማ ከሆነ፣ ወይ ውኃ አጥሮታል፣ ወይ ጨው በዝቶበታል። በአፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ብታዩ የማዳበሪያ ጨው ነው፤ ለትንሽ ጣሳ ጥቂት ዩሪያ እንኳ ይበዛል። ንጹሕ ውኃ ደጋግማችሁ አፍስሱበትና በሥሩ ቀዳዳ ይውጣ። ፀሐይ ባየው ወገን ብቻ ነጣ ያለ ቁስል ከታየ ቃጠሎ ነው። ግንዱ ቀጥኖና ረዝሞ ወደ መስኮቱ ካጎነበሰ ግን ብርሃን ተርቧል።

ሦስተኛ፣ ቅጠሉን ገልብጡት። ክሽክሽና እንደ ጥጥ ነጭ ሆኖ የሚለጠፈው ተባይ የሚደበቁት ከሥር ነው። ቅጠሉ በደቃቅ ነጠብጣብ ከተሞላ ነጭ ወረቀት ከሥሩ ይዛችሁ መታ መታ አድርጉት፤ የወረደው ብናኝ መሄድ ከጀመረ ቀይ ሸረሪት የሚሏት ደቃቅ ተባይ ናት። በበጋው ደረቅ አየር ትበዛለች። ተክሉን ከሌሎች ለይታችሁ፣ ለስለስ ባለ የሳሙና ውኃ የቅጠሉን ሁለት ወገን እጠቡት፤ በየሳምንቱም ድገሙት።

አራተኛ፣ የሚኖርበትን ክፍል መርምሩ። በዚያ ቀን ቡናው የሚፈላው በከሰል ነበር፤ በሩም ለብርዱ ተዘግቷል። ኔልዩቦቭ የተባለ ሩሲያዊ ተመራማሪ በ1901 እ.ኤ.አ. የመብራት ጋዝ ባለበት ክፍል የበቀለ አተር የተጣመመው በጋዙ ውስጥ ባለው ኤቲሊን እንደሆነ አስረድቷል። ከሰል ሲጤስም ይኸው ኤቲሊን ይወጣል፤ ቅጠልንም ያረግፋል። ነገር ግን በሩን ከፈት እንዲያደርገው የነገርሁት ለፖቶሱ ብዬ አይደለም። ከዚያው ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። ከሰል አንድዳችሁ ዘግታችሁ የምትተኙ ተማሪዎች ብትኖሩ፣ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን አትርሱ።

ወቅቱንም ማሰብ ይገባል። ኮልፌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስፍራ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ ይጠቁራል፤ ብርሃን ያነሰው ተክል የሚጠጣው ጥቂት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ቁር ስለሆነ መስታወቱን የነካ ቅጠል ይጠቁራል፤ ማታ ከመስኮቱ ራቅ አድርጉት። ስለዚህ የምታጠጡት በቀን ቆጠራ ሳይሆን በጣት ምርመራ ይሁን። ለፖቶስ ከላይ ያለው አፈር እስከ አንድ አንጓ ከደረቀ በኋላ ይጠጣል።

ለመትከያ አዲስ ዕቃ መግዛት ግዴታ አይደለም። የቀለሙን ቆርቆሮ በደንብ አጥባችሁ ሥሩን በምስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሱት። ቀይ አፈር ብቻውን ስለሚጠብቅ ብስባሽና ከግንባታ የተረፈ አሸዋ ወይም ደቃቅ ቀይ አሽ ቀላቅሉበት። የቡና አተላ አትከምሩበት፤ እርጥበቱ ትንንሽ ዝንቦችን ይጠራል። ከሁሉም በላይ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡና ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ሁሉን ባንድ ቀን የለወጠ ሰው ያዳነውን አያውቅም፤ የገደለውንም አያውቅም።

የወዳጄ ተክል ሥሩ ሊድን አልቻለም። ከላይ ግን ሦስት ጤነኛ ቅርንጫፎች ነበሩ። እያንዳንዱን ከአንጓው በታች ቆርጠን፣ አንጓው እንዲሰጥም አድርገን በብርጭቆ ውኃ ውስጥ አቆምናቸው። ፈሳሹ አፍን የሚያቃጥል ስለሆነ ከሕፃናት ይራቅ አልሁት።

«ውኃ ገድሎት ውኃ ውስጥ ይከተታል እንዴ ጋሼ?» ብሎ ተከራከረኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በብርጭቆ ውኃ ውስጥ የሚበቅለው አዲስ ሥር ገና ከጅምሩ ከውኃው ጋር ተስማምቶ ይወጣል፤ ውኃው በየጥቂት ቀኑ ሲለወጥ አዲስ አየር ያገኛል። የታፈነው በጭቃ ውስጥ የነበረው ነው።

መስከረም ሲጋመስ ሁለቱ ነጭ ሥር አወጡ። ወዳጄ ነገሩን ደብቆ ከመቆየት ይልቅ እውነቱን ለጓደኛው ነገረው፤ አደራውን አጥፍቼብህ ነበር፣ የቀረው ይህ ነው አለው። ከጅማ የመጣውን መልስ ባለፈው ሳምንት አሳየኝ። «እናቴም ያንን ተክል ያገኙት ከጎረቤት ቆርጠው፣ በብርጭቆ አብቅለው ነው። አንዱን ለእኔ አስቀምጥልኝ፤ አንዱ ያንተ ነው» ይላል።